የማይበቅል ዘር የሸጠ ይካስ

(በደሴ ለተሰበሰቡ የደቡብ ወሎ ዘር አባዥ ገበሬዎች የተዘጋጀ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ከጃማ፣ ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ የመጣችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድምና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፈጣሪ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የተመሰከረለት ዘር ብዜት ያለበት ሁኔታና ቀጣይ ሥራዎች» ይላል። እናገራለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ክረምቱ ጥሩ ገብቶ ነበር። ዋልካችን ጠጥቶ ጠግቧል። እኔ ሁለት ጥማድ መሬት በስንዴ ልሸፍን አስቤ የታሸገ ምርጥ ዘር ገዛሁ። ግማሹን በብድር፣ ግማሹን ሁለት በግ ሸጬ። ከረጢቱ አፉ ተሰፍቷል። ካርድ አለው። የዝርያው ስም፣ ዓመተ ምህረቱ፣ ቁጥሩ፣ ፊርማው ሁሉ አለ። ባለቤቴ ካርዱንም ከረጢቱንም አየችና «የቤታችንን ስንዴ ለምን አንዘራም? በሰፌድ አበጥሬ፣ በእጄ ለቅሜ ያስቀመጥኩት አለ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «እሱ እኮ ያረጀ ዘር ነው፣ ይኼ የተመሰከረለት ነው፣ ካርድ አለው» አልኳት። ዝም አለች። ዘራን።

በስምንተኛው ቀን የጎረቤቴ ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። የእኔ እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ ብቅ ያለች ናት፣ መሀሉ ባዶ አፈር። በጣቴ ቆፈርኩ። ዘሩ አለ። አብጧል፣ ቆዳው ተላጧል፣ ግን አልበቀለም። ጥቂቱን ከነአፈሩ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ከተማ ወረድኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ «ጥልቅ ቀብረኸው ነው» አሉኝ። እኔ እኮ ማረሻ ከያዝኩ 30 ዓመት አልፎኛል! ሁለተኛው ቦታ «እርጥበቱ በዝቶ ነው» አሉ። ጎረቤቴ ማሳ ላይ የዘነበው ሌላ ዝናብ ነው? ሦስተኛው ቦታ «ከረጢቱን አምጣ» አሉ። በማግስቱ አመጣሁ። ካርዱ ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። «ይኼ አይነበብም» ብለው መለሱልኝ። በመጨረሻ ወደሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። «እኔ አከፋፋይ ነኝ፣ እንደመጣልኝ ነው የሰጠሁህ» አለኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ሐምሌ አልቋል።

መሬቱን ገልብጬ በመስከረም በቀረው እርጥበት ሽምብራ ዘራሁበት። ብድሩን ግን እስከ ወለዱ ከፈልኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ከረጢቱ ጥግ ላይ እፍኝ የማትሞላ ዘር ቀርታ ነበር። ባለቤቴ 100 ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጣባ ውስጥ አኖረችው። በሳምንቱ ፈታችው። 41 በቅሏል። ለተመሰከረለት ስንዴ የሚፈለገው ከ100 ውስጥ ቢያንስ 85 ነው። እዚህ ያላችሁ አባዦች ሁሉ ይኼን ቁጥር በእንቅልፋችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጨርቅ፣ ባለቤቴ ያወቀችውን ነገር ያን ሁሉ መንገድ አልፎ የመጣ ከረጢት ላይ የፈረመ ሰው ሳያውቀው ቀረ? ወይስ እያወቀ ፈረመ?

እኔ የመጣሁት ይኼን ለመጠየቅ ነው። የማይበቅል ዘር የሸጠ ሰው ገበሬውን ይካስ። የዘሩን ዋጋ ብቻ አይደለም፣ የከሰመውን ምርትም። የተበላሸ ዘይት የገዛ ሰው በሳምንቱ ሌላ ይገዛል። የሐምሌ ዘር ሲበላሽ ግን ሐምሌ ተመልሳ የምትመጣው በዓመቷ ነው። ያንን ዓመት ልጆቹን የሚያበላው ማነው? ዘሩን የፈረመበት? ያሸገው? ያጓጓዘው? አንዳቸውም የሉም። ያለው ገበሬው ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ስብሰባ ላይ «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይቀበልም» ተብሎ ይነገርበታል። እኔ ተቀብዬ ነበር። ሁለት በግ ሸጬ ተቀብዬ ነበር!

ዘር እንዴት እንደሚመጣ ከመካከላችን ልጆችም ስላሉ ልንገራችሁ። አዲስ ዝርያ መጀመሪያ በተመራማሪ እጅ ያለች ጥቂት አራቢ ዘር ናት። እሷ ትባዛና ቅድመ መነሻ ትሆናለች። ያ መነሻ ዘር ይሆናል። መነሻው በእኛ ዓይነቱ ገበሬ ማሳ ላይ ይባዛና የተመሰከረለት ይባላል። ላይኛው ደረጃ ላይ የገባች አንዲት ባዕድ ዛላ ሳትነቀል ከቀረች ታች ስትደርስ ኩንታል ናት። ስለዚህ የአንዱ ስንፍና በሁላችንም ማሳ ላይ ነው የሚበቅለው።

ያረጀ ዘር ላይ ሙጭጭ እንበል እያልኩ አይደለም። ኩብሳን የማታስታውሱ አላችሁ? ሁላችንም የወደድነው ስንዴ ነበር። ጥሩ ይሰጥ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መኸር ላይ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ አገሩን ሁሉ ሲመታ ኩብሳ አልቻለውም። ያን ጊዜ ዋጉን የሚቋቋም አዲስ ዝርያ ቶሎ ማባዛት ግድ ነበር፣ ዳንዳአና ቀቀባም የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ዋጉ ራሱ ይለዋወጣል፣ ትናንት የተቋቋመው ነገ ይወድቃል። ገበሬ ዝርያ መቀየር አለበት። ገበሬ ዝርያ የሚቀይረው ግን ከረጢቱን ሲያምን ነው። አንዴ የከዳው ከረጢት አምስት ዓመት ያሸሸዋል። እኔን ራሴን ሦስት ዓመት አሽሽቶኛል። ጤፉንም እዩት። ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ሲለቀቅ የማኛን ንጣትና ዱከም የሚባለውን ዝርያ ምርት በአንድ ላይ ይዞ ነው የመጣው። ገበሬው በሬዲዮ ሰምቶ አይደለም የወሰደው፣ የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ነው። ጎረቤቱ ማሳ ላይ የተበላሸውንም እንደዚያው ያያል።

የቃሉ ወንድሞቼ የማሽላውን ነገር ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አቀንጭራ የሚባለው አረም የማሽላውን ሥር ይዞ ደሙን ሲመጠው አይታችኋል። ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች አቀንጭራን ይቋቋማሉ ተብለው መጡ፣ እውነትም ይቋቋማሉ። ለዚህ ሥራ ነው የእኛው ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በፈረንጅ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት። አብሽር ማለት ለእኛ ለወሎዬዎች አይዞህ ማለት ነው፣ ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አገዳው አጭር ነው። የቆላ ሰው ማሽላ የሚዘራው ለእንጀራ ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ የአጥር ነው፣ የምድጃ ነው። ይኼን ሳይጠይቁን ዝርያ አምጥተው «ለምን አልወሰዱትም» ይሉናል። እኛ ግን ሁለቱንም እንፈልጋለን። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለ ረጅሙን የአገር ማሽላ እንዘራለን። ሚያዝያ ከከዳን ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን በሰኔ መጨረሻ እንፈልጋለን። ታዲያ ያ ቶሎ የሚደርስ ዘር ረፍዶ ከመጣ ምን ይሠራል? ነሐሴ ላይ የሚደርሰኝ ዘር እህል ነው። ላስፈጨው እችላለሁ፣ ልዘራው አልችልም።

የአገር ዘር ስል ከልቤ ነው። እናቴ የማሽላውን ዛላ መርጣ ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚያገኘው ቦታ ትሰቅለው ነበር። ነቀዝ አይነካውም። ወተት በጉንጬን፣ ማርጩቄን ከሌላው ማሽላ መሀል ዘርተን እሸቱን ጠብሰን በልተናል። ከወሎ የተሰበሰቡት እነዚህ ማሽላዎች ከሌላው ማሽላ የበለጠ ላይሲን የሚባለውን ገንቢ ነገር እንደያዙ በ1960ዎቹ ሳይንቲስቶች ጽፈውበታል። እናቶቻችን ግን ከስሙ ጀምሮ ያውቁት ነበር። በ1977 ድርቅ ያ ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ዛላ ወርዶ ተበላ። ዘር መብላት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ካላችሁት ትልልቆቹ ታውቃላችሁ። ልጅ እያለቀሰ እናት ዘር ስታወርድ። ከዚያ በኋላ የአገሩን ዘር የሚያስቀምጠው የጂን ባንክ መሪ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከወሎና ከሸዋ ገበሬ ጋር ሆነው የአገሩ ዘር ከነገበሬው እጅ እንዳይጠፋ ሠርተዋል። እኔ እሳቸውን የማከብራቸው ገበሬውን ዘር ተቀባይ ሳይሆን ዘር ጠባቂ ነው ብለው ስላመኑ ነው።

እና በዚህ አገር፣ ዘሩን በልቶ ያለቀሰ ሰው በሚኖርበት አገር፣ የሞተ ዘር በካርድ አሽጎ መሸጥ ትንሽ ጥፋት ነው? እኔ ትንሽ ነው ብዬ አልቀበልም።

አሁን ወደ እኛ ልዙር። ደስ አይበላችሁ፣ ዝም ብዬ አላልፍም። ከመካከላችን መነሻ ዘር ተቀብሎ፣ ማዳበሪያ በብድር ወስዶ፣ አጨዳ ሲደርስ ጥሩውን ለነጋዴ ሸጦ ከገበያ የገዛውን ስንዴ በዘር አባዥ ማኅበራችን ከረጢት ያስረከበ አለ። እናውቃለን። ስሙን አልጠራም። ምክንያቱንም አውቃለሁ። የዘሩ ዋጋ ሳይወሰን ወር ያልፋል፣ የገበያው እህል ይወደዳል፣ ባለዕዳው በር ላይ ቆሟል። ይኼ እውነት ነው፣ ዋጋውን የሚወስኑትም ሊሰሙት ይገባል። ግን ያንን ከረጢት የገዛው ማነው? የለጋምቦ ገበሬ ነው። እንደ እኔ በግ ሸጦ የገዛ ሰው ነው። የደረሰብኝን በደል መልሼ ለወንድሜ ካደረስኩት ከዚያ ከአከፋፋዩ በምን እሻላለሁ?

አንድ ዓመት የእኔም ማሳ ወድቋል። ሦስት ቀን ሙሉ ከልጆቼ ጋር ባዕዱን ነቅለን ነበር። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ቆጠረ፣ «ከመጠን ያልፋል፣ ለዘር አይሆንም» አለ። ልጁ ገና ወጣት ነው፣ የእኔ ልጅ ያህላል። ለመነጋገር ሞከርኩ፣ አልሰማኝም። ያንን ስንዴ ለወፍጮ ሸጥኩት። ዓመቱን ሙሉ ተናድጄበታለሁ። አሁን ግን ያ ልጅ እዚህ ቢኖር ተነስቼ እጁን እጨብጠው ነበር። በእኔ ከረጢት ላይ አይሆንም ያለ ሰው የሌላውንም ከረጢት አይሆንም ይላል።

ስለዚህ ዛሬ እንድንወስን የምጠይቀው ይኼ ነው። ከእያንዳንዱ አባዥ ከሚረከበው ዘር ሁለት ናሙና ይወሰድ። አንዱ ታሽጎ በማኅበሩ ይቀመጥ፣ አንዱ ከገዢው ጋር ይሂድ። ከመሸጡ በፊት 100 ፍሬ በጨርቅ ይሞከር፣ ቁጥሩ በጉልህ ይጻፍ። ካርዱ ዝናብ በማይነካው ላስቲክ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ ይግባ። ዘሩ ሳይበቅል ከቀረና ናሙናውም ካልበቀለ ማኅበሩ ይክፈል፣ ያበላሸው አባል ለማኅበሩ ይክፈል። ናሙናው በቅሎ ማሳው ካልበቀለ ደግሞ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም፣ ገበሬውም ይመነው። ይኼን በራሳችን ላይ ካጸደቅን በኋላ ነው ዘር ወደሚሸጡልን ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በሙሉ አፍ ሄደን «እናንተም ፈርሙ» የምንለው። የቀድሞው የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005 ጥራቱ የታወጀ ዘር የሚባለውን መንገድ ለእኛ ዓይነቱ አባዥ የከፈተው እኮ ጥራቱን በራሳችን አፍ እንድናውጅ ነው። ያወጀ ይጠየቃል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። መጋዘን ያስፈልገናል፣ ቆርቆሮው የሚያፈስ አይደለም፣ ደረቅ። ባቄላችንን ቆርምድ የሚባለው በሽታ እየጨረሰው ነው፣ የሚቋቋም ዘር በብዛት እንዲባዛ አባል ይመዝገብ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የብዙ ሰው ጎተራ ተራቁቷል፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ተዘርፏል፣ እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች መነሻ ዘር እንዲሰጡን ስንጠይቅ ይኼን እያሰብን እንጠይቅ። የሴቶች አባልነትም ይጨመር። ዘሩን የምትለቅመው፣ የምትሞክረው እሷ ሆና ደብተሩ ላይ ስሟ የሌለበት ምክንያት አይገባኝም። የእኔ ባለቤት ዘንድሮ በስሟ ተመዝግባለች፣ ያቺ ጣባም አሁን የማኅበራችን ናት።

በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ባለፈው ሳምንት በጨርቅ ያሰረችው አለ። ከአምስት አባላት የተወሰደ ነው፣ የእኔም አለበት። ማን ማን እንደሆነ አልተጻፈም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከድምፅ አሰጣጡ በፊት እንፈታዋለን። ሦስት ሰው ወደፊት ይምጣልኝ፣ አብረን እንቁጠር።