ጌሙ ያው ነው፤ ታዲያ ለምን ሰለቸን?

(ምስል፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጌም ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊፋ ይጫወታሉ።)

ተራኪ፦ በቀኝ በኩል የተቀመጠውን ልጅ አውራ ጣት አስተውሉ። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ጣቱ ግን ክብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ሳይፈልግ ያገኛታል። ጫን አድርጎ ይይዛትና የምቱ መለኪያ ግማሽ ገደማ ሲደርስ ይለቃታል። ጀማሪ እስከ ጫፍ ይሞላዋል፤ ኳሷም ከአግዳሚው በላይ ትሄዳለች። ይህን ልክ በቃል ማስተማር ከባድ ነው። ጣት የሚለምደው ደጋግሞ ስቶ ነው።

ጌም ተጫዋቹን የሚቀርጸው ከዚህ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሾን ግሪን እና ዳፍኔ ባቬሊዬ የተባሉ ተመራማሪዎች ጌም የማያዘወትሩ ሰዎችን ለ10 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት የተኩስ ጌም አጫወቱ፤ ሌሎቹን ደግሞ ቴትሪስ የተባለውን የጡብ መደርደሪያ ጌም። የተኩሱን የተጫወቱት በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር በዓይን በመከታተል በለጡ። ከዚህ ተነስቶ «ልጄ ጌም ቢጫወት በትምህርቱ ይጎብዛል» ማለት ግን አይቻልም፤ ጥናቱ የለካው የዓይን ትኩረትን ብቻ ነው።

ለጌም ቤት ልጅ ግን ከዓይኑ ይልቅ ጓደኞቹ ይበልጡበታል። ሰውን ጌም ላይ የሚያቆዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ እየቻልኩ ነው የሚል ስሜት፣ በራስ ምርጫ መንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር መሆን። ሦስቱም ሲሟሉ ሰዓቱ መሄዱ አይታወቅም። አንዱ ሲጎድል መሰልቸት ይጀምራል።

(ምስል፦ የተረኞች ወረፋ።)

ተራኪ፦ በብዙ ጌም ቤት «ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል» የሚል ደንብ አለ። ደንቡ ያሟሙቃል፤ ግን ስሌቱን እዩት። አንድ ጨዋታ እያንዳንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ቢሆን በድምሩ 12 ደቂቃ ነው። ጀማሪው ተሸንፎ ከፍሎ ይነሳል። ከፊቱ 4 ተረኛ ካለ 48 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ጎበዙ በዚያው ሰዓት 4 ጨዋታ ጨምሮ ይለማመዳል። በወሩ ልዩነቱ ሰፍቶ አንደኛው መሸነፍ ያንገሸግሸዋል፣ ሌላኛው ማሸነፍ ይሰለቸዋል። የመሰልቸት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፤ ፈተናውና ችሎታው ሲራራቁ ጨዋታው ጣዕም ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎበዙ ደካማ ቡድን ይምረጥ፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈ ወንበር ይልቀቅ።

(ምስል፦ መብራት፣ ቀጥሎ ጠብታ ጭማቂ።)

ተራኪ፦ ሁለተኛው ምክንያት አእምሯችን ውስጥ ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት ጦጣዎችን ጭማቂ እያጠጣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚረጩ ሴሎችን ተከታተለ። ጭማቂው ሳይታሰብ ሲመጣ ሴሎቹ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ከተለመደ በኋላ ግን የሚነቁት ለመብራቱ ነው፤ ለጭማቂው ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። አንጎል የሚቀሰቀሰው ከጠበቀው በላይ ሲያገኝ ነው ማለት ነው። 300ኛው ጎል እንደ መጀመሪያው ልብ የማያዘልለው ለዚህ ነው። ጎሉ አልተበላሸም፤ እኛ አስቀድመን አወቅነው።

የጌም ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ያልተጠበቀውን ነገር በየጊዜው ይጨምራሉ፦ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ካርድ፣ የዕለት ተልእኮ፣ «ዛሬ ካልገባህ ያመልጥሃል» የሚል መልእክት። የማይታወቀውን ካርድ በገንዘብ መሸጥ ቁማር ነው ብላ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ወስናለች። የዕለት ተልእኮው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ጥናት መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ወስዶ ለከፊሎቹ «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» አላቸው። ተሸላሚዎቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሳቸው ፍላጎት የሚስሉበት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ አነሰ። ጨዋታም እንዲሁ ነው። ለሽልማት ሲባል በየቀኑ የሚከፈት ጌም ቀስ በቀስ ሥራ ይሆናል፤ ያውም ደመወዝ የሌለው። በቀን 2 ሰዓት በዓመት 730 ሰዓት ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የሰው መበተን ነው። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ አንድ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን አብሮ ያነጋ ቡድን ተመርቆ በየአገሩ ይሄዳል። የቀረው ሰው ያንኑ ጌም ከፍቶ «ድሮ ይጥም ነበር» ይላል። የጎደለው ጌሙ ሳይሆን ከጎኑ ሆኖ የሚጮኸው ጓደኛ ነው። በኢንተርኔት መገናኘት ይቻላል፤ ግን ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚለዋወጥ ጌም ላይ መስመሩ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ 6 ምስል ወደኋላ ቀርታችኋል። በረኛው ሲዘል ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። በዚህ የሚበሳጭ ሰው ጌም የሰለቸው ይመስለዋል።

(ምስል፦ ወረቀትና እስክሪብቶ።)

ተራኪ፦ የትኛው እንደሆነ ለመለየት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ የጌሙን ማሳወቂያ ለ7 ቀን ዝጉ፤ ሳይጠራችሁ ትዝ ካላላችሁ ይዟችሁ የቆየው ልማድ ነበር። ቀጥሎ ከብጤያችሁ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ አንድ የድሮ ጓደኛ ጠርታችሁ ጎን ለጎን ሞክሩ። አንዱም ካልሠራ አቁሙት። ጠግቦ መነሳት ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ለዩልን። ምግቡም፣ ጓደኛውም፣ ኳሱም አብረው ጣዕም ካጡ፣ ይህም ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ምናልባት ድብርት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ጌሙ ጣዕም አጥቶም ማቆም ካልተቻለ፣ ትምህርትና ቤተሰብ ወደኋላ ከቀሩ፣ ጉዳቱ እየታየም ከቀጠለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ብሎ መዝግቦታል፤ ለመለየትም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር የቆየ ሁኔታን ይጠይቃል። በሁለቱም በኩል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ወላጆች፣ ጆይስቲክ ከመቀማታችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

(ምስል፦ ፍላሽ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሲሰካ።)

ተራኪ፦ ጠግባችሁ ለምታቆሙ፦ ጌሙ ላይ የደረሳችሁበትን መዝገብ አታጥፉ። አንጎል የለመደውን ይረሳል፣ ፍላጎቱም ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ፍላሹን ሰክታችሁ ከሴቲንግ ውስጥ የተቀመጡ የጌም መረጃዎችን ክፈቱ፣ ወደ ፍላሽ ቅዱ። ሥራው ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ዝናብ ሲያስገመግም አትጀምሩት። ሲያልቅ ፕሌይስቴሽኑን ከሜኑው አጥፉና መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቃችሁ ገመዱን ንቀሉ።