ምላጩ ወደ ሐኪም እጅ ሲዞር፦ ስለ ዶክተር ናዋል ኤል ሳዳዊ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አዋላጅ ነርሶች፣ የሕክምና ተማሪዎችና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣

አዘጋጆቹ ስለ ግብጻዊቷ ደራሲ ስለ ዶክተር ናዋል ኤል ሳዳዊ እንድናገር ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርዕስ «የሴቶች መብት ታጋይ» የሚል ነበር። ርዕሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለእኛ እጅግ የሚመች ሆኖ አገኘሁት። ታጋይ ብለን ስንሸኛቸው ሐኪም እንደነበሩ፣ ጠባቸውም ከመንግሥትና ከሃይማኖት ሰዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከእኛው ሙያ ጋር ጭምር እንደነበረ ለመርሳት ይመቸናልና።

ዶክተር ናዋል እ.ኤ.አ. በ1931 በናይል ደልታ፣ ከፍር ታህላ በተባለች መንደር ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው የደረሰባቸውን ራሳቸው ጽፈውታል። ትንሿ ናዋል በሌሊት ተኝታ ሳለች አፏን አፍነው ከአልጋዋ አነሷት። ሌቦች ቤት ገብተው ሊያርዷት መሰላት። ወደ መታጠቢያ ቤት ወስደው ወለሉ ላይ አጋደሟት፤ ስለት ሲሳል ሰማች፤ ከዚያም ገረዟት። «እናቴ ድረሽልኝ!» ብላ ስትጮኽ ግን እናቷ የሚደርሱላት ከሩቅ አልነበረም። እዚያው ከሰዎቹ መካከል ቆመው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲያወሩና ፈገግ ሲሉ አየቻቸው።

ይህች ልጅ በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምራ በ1955 ተመረቀች። ዶክተር ናዋል በገጠር ሲሠሩ፣ ተገርዘው ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ሕፃናትን አክመዋል። ያዩትን ሲጽፉና ስለ ሴት ልጅ አካል በግልጽ ሲናገሩ ግን፣ በ1972 የግብጽ ጤና ሚኒስቴር ከኃላፊነታቸው አነሳቸው፤ በሐኪሞች ማኅበር የነበራቸውንም ቦታ አጡ። ልብ በሉ፣ ያባረራቸው መንደሩ አልነበረም፤ ነጭ ጋውን የለበሰው ወገን ነው!

ግብጽ ግርዛትን በ2008 በሕግ ወንጀል አደረገችው። ምላጩ ግን አልተጣለም፤ ከልማድ ገራዧ ወደ ሐኪሙ እጅ ዞረ። ዛሬ በዚያ አገር የሚገረዙት ሴት ልጆች አብዛኞቹ የሚገረዙት በጤና ባለሙያ ነው። ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት! «እኛ ብናደርገው ይሻላል» የሚል ሐኪም ካለ፣ ለማን እንደሚሻል ይንገረን። ለልጅቷ ነው ወይስ ለኪሱ?

«ይህ የግብጽ ጣጣ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ዶክተር ናዋል በ1970ዎቹ መገባደጃ በተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ፕሮግራም አማካሪ ሆነው እዚሁ አዲስ አበባ ሠርተዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 ለገራዥ የደነገገው ቅጣት መነሻው የሦስት ወር እስራት ወይም የ500 ብር መቀጮ ነው። አምስት መቶ ብር!

ስለ ልቦለዶቻቸው ሰፊ ጊዜ ቢኖረኝ እወድ ነበር። ሞት የተፈረደባትን አንዲት እስረኛ ያገኙት በግብጽ በቃናጢር እስር ቤት የሴቶችን የአእምሮ ጤና ሲያጠኑ ነው፤ ታሪኳንም በ1975 ልቦለድ አደረጉት። በ1981 የግብጽ ፕሬዚዳንት ሳዳት ሲያሳስሯቸው የገቡት ወደዚያው እስር ቤት ነበር፤ ማስታወሻቸውንም በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በቅንድብ መኳያ ጻፉ። በ2013 የግብጽ ሠራዊት ሥልጣን ሲይዝ መደገፋቸውን ብዙ ወዳጆቻቸው ይቅር አላሏቸውም፤ እኔም አልስማማበትም። በመጋቢት 2021 ዐረፉ።

የመጣሁት ግን ለሙገሳ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሚነበበውን የአቋም መግለጫ ረቂቅ አይቼዋለሁ፤ «ጎጂ ልማዶችን እንቃወማለን» ይላል እንጂ ስለ ባለሙያ አንድ ቃል የለውም። አንዲት ሴት ልጅን የገረዘ ወይም ለገራዥ መርፌና ማደንዘዣ ያቀበለ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱ እንዲነጠቅ፣ ከማኅበራችንም እንዲሰረዝ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር እንዲገባበት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሰብሳቢው ለድምፅ ያቅርቡልኝ።