ውድ ጠላፊዎች

እንደምን ዋላችሁ! ወደ ጥልፍ ማኅበራችን ስብሰባ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

«ውድ ጠላፊዎች» ስል ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ፣ ጥልፍ የሚጠልፍ ሰው ጠላፊ ነው፤ ሌላ ስም አላወጡልንም። አምና ወደ አዲስ አበባ ስበር አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። ሳላስበው «ጠላፊ ነኝ» አልኳቸው። ቀበቷቸውን ሲያጠብቁ አየሁ። አውሮፕላን ውስጥ ነን እኮ! ቦርሳዬን ከፍቼ የጀመርኩትን የቀሚስ አንገት እስካሳያቸው ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ዛሬ ብዙ አላወራም። ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ታነባለች፣ ሒሳቡን ጋሽዬ ያቀርባሉ። እኔ የማነሳው የዘንድሮውን ፎል፣ ይሄን ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት፣ እንዴት እንደምናሳልፈው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሜሪላንድ እንደመጣሁ ይሄ ወቅት ያስጨንቀኝ ነበር። ይኸው ባለፈው እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ 11 ሰዓት ላይ ጀምበር ትጠልቃለች፣ ከሥራ ስወጣ ጨለማ፣ ቤት ስገባ ጨለማ፣ ቅጠሉ ደግሞ ረግፎ ደጃፌ ላይ ይከመራል። አገር ቤት ግን መፀው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ፤ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ሜዳው አበባ ነው። እዚያ አበባ፣ እዚህ የረገፈ ቅጠል። ሆድ ይብሰኝ ነበር። መርፌ ካነሳሁ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን ጨለማውን የምጠብቀው እኔው ነኝ። በሰመር ማን ቤት ይቀመጣል? ሠርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ የልጆች ኳስ አለ። በፎል ነው ሻይ አፍልተን፣ መብራቱን በግራ በኩል አስጠግተን፣ ጨርቁን ጭናችን ላይ ዘርግተን የምንቀመጠው።

ደግሞ ቀጠሮ አለን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለእኛ ነው። ከዛሬ እስከ ጥር 11 ወደ 70 ቀን ገደማ ይቀራል። ብዙ ይመስላል፤ ግን አብዛኞቻችን እሑድና በበዓል መርፌ አናነሳም። ኅዳር 12 ሚካኤል አለ፣ ኅዳር 21 ጽዮን አለ፣ ልደትም አለ፣ በየወሩ የሚውሉትን ደግሞ እናንተ ቁጠሩ። አንዲት እትዬ «ቀለም መምረጥ ሥራ አይባልም» ብለው በበዓል ቀን ክራቸውን ዘርግተው ይውላሉ። አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አምና ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። በጥቅምት አጋማሽ አንድ የሠርግ ትእዛዝ መጣ፣ 14 ቀሚስ፣ ሁሉም የእጅ ጥልፍ፣ በ6 ሳምንት። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፤ እሺ አልን። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይረሳዋል? አንዷ ትከሻዋን፣ አንዷ ዓይኗን፣ ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈው እስከ ጥምቀት ሰላም አይባባሉም። ጥልፉ ጠለፋ ሆነብን።

የእኔ ጉድ ደግሞ ይኸውላችሁ። ቸኩዬ ከማላውቀው ሱቅ ቀይ ክር ገዛሁ። የሚያምር ቀይ፣ እንደ በርበሬ። አንገቱንና ደረቱን ጨረስኩ፣ የእርሳሱን ምልክት ለማስለቀቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ስልክ ሳነሳ ረሳሁት። ስመለስ ውኃው የቢትሩት ጭማቂ መስሏል። ነጩ የመነን ጨርቅ ደረቱ ላይ ሮዝ ሆኗል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ሌላ አንገት ስጠልፍ አደርኩ፤ ያን ሌሊት እያንዳንዱን ስፌት እየረገምኩ ነው የወጋሁት። ስለዚህ አደራ፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር መጀመሪያ ትንሽ ቆርጣችሁ፣ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ነጭ ከሆነ ስፉበት።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ሐሳብ ይሄ ነው፦ እስከ ጥምቀት ድረስ በማኅበሩ ስም ትእዛዝ አንቀበልም። ባዛርም አንወጣም። በግል መሥራት የሚፈልግ ይሥራ፣ ማን ይከለክላል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍልላት ጥልፍ የሆነች አባል እንዳለችም አውቃለሁ። ማኅበሩ ግን ይህን ወቅት ለደስታው ይቀመጥ። እያንዳንዳችን አንድ ነገር፣ ለራሳችን ወይም ለምንወደው ሰው፣ ሳንቸኩል።

«ምን ልሥራ?» ለምትሉ አዲሶች፣ የግድ ቀሚስ አይሁን። ትራስ ልብስ ጀምሩ። አገር ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ «ደህና እደሩ» የሚል ጽሑፍ፣ ግራና ቀኙ ላይ ወፍ፣ ጠርዙ ላይ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ሬዲዮው ዳንቴል፣ የሶፋው ራስ ዳንቴል። እንስቅ ነበር፤ አሁን ልጆቻችን «ቪንቴጅ ነው» ብለው ከአያቶቻቸው ሻንጣ እየጎተቱ ያወጡታል። ኪሮሽ የምትችሉ እሱን ሥሩ። መርፌ የሚያስፈራው ደግሞ ነጠላ ይቋጭ፤ ለእሱ ሁለት ጣትና ትዕግሥት ይበቃል። እኔ በሕይወቴ የምወደው ቁጭት የነጠላ ቁጭት ብቻ ነው።

ለጥልፍ ጀማሪዎች አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ያየኋችሁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የምትናደዱት። ይሄ የዲኤምሲ ክር ነው፤ ፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ በ1746 የተመሠረተ ድርጅት የሚያወጣው። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ውስጡ 6 ቀጫጭን ክር አለ። ስድስቱንም ለሁለት ከፍላችሁ እንደ እንጨት ከፈለጣችሁት ይተበተባል፣ አለቀ። አንዱን ብቻ ጫፉን ያዙ፣ ሌሎቹን በሌላው እጅ ላላ አድርጋችሁ ቆንጥጡ፣ ከዚያ አንዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የቀሩት ተጨማደው ጣታችሁ ሥር ይከማቻሉ፣ የተበላሸ ይመስላል፣ አትደንግጡ። ክሩ ሲወጣ ወዲያው ይፍታታሉ። ሁለት ካስፈለጋችሁም አንድ በአንድ አውጥታችሁ መልሳችሁ ግጠሟቸው። የክሩ ርዝመት ከጣታችሁ ጫፍ እስከ ክርናችሁ ይበቃል። መርፌ ውስጥ ማስገባቱን ግን እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔም በ4 ዶላር መነጽር ነው የምኖረው።

እናቴ የጠለፍኩትን ሳሳያት ፊቱን አታየውም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ቋጠሮ ካገኘች «ይሄ ምንድን ነው፣ ኪንታሮት ነው?» ትለኛለች። እኔ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም፤ ለጀማሪ ቋጠሮ ተፈቅዷል፣ ጻፉልኝ።

ያቺ ታናሽ አባላችን አምና ያመጣችው ቀሚስ ደግሞ አለ። ነጭ ሸማ፣ አንገቱ ዙሪያ የሜፕል ቅጠል፣ በሸክላ ቀይና በሰናፍጭ ቢጫ። እናቶች «ይሄ የሀበሻ ነው እንዴ?» ብለው ተነሱ። ያን ቀን ዝም ብዬ ነበር፣ ዛሬ ግን ልናገር። እኔ ወድጄዋለሁ። የጎንደሩን ጥልፍም አንድ ቀን አንድ ሰው ነው መጀመሪያ የጠለፈው፤ ያን ጊዜም «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ያለ አይጠፋም። ልጅቷ የምታየው ዛፍ ይሄ ነው፣ ያየችውን ጠለፈች። ማሽንም ጠላታችን አይደለም። የሐረር ልጆች ስታወሩ ሰምቻለሁ፣ ጀጎል ውስጥ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ስሙ «መኪና ግርግር» የሆነው በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ጥልፍ መስሎ የታተመ ጨርቅ «የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ ሲሸጥ። ጀርባውን ገልብጡት፣ እናቴ ትታያችሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልቀመጥ። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 ከመቅደላ በ1868 የተወሰዱ ዕቃዎችን ለእይታ አቅርቦ ነበር። ከነዚያ መሐል አንድ ጥልፍ ያለበት የጥጥ ቀሚስ አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበር ይነገራል። ፎቶውን ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ባለቤቴ ይመስክር። ስፌቱ አለ፣ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖት አለ። የእቴጌይቱን ስም አገኘሁ፣ የወሰዱትን አገኘሁ። የጠለፈውን ሰው ስም ግን የትም አላየሁም። ሴት ትሁን ወንድ፣ አንድ ሰው መብራት አስጠግቶ ጎንበስ ብሎ ነበር እኮ።

ስለዚህ ሁለተኛው ሐሳባችን፦ ዘንድሮ የምትሠሩት ነገር ጀርባ ላይ፣ ጠርዙ በሚታጠፍበት፣ የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደልና ዓመተ ምሕረቱን ጥለፉበት። በአንድ ክር፣ በትንሹ። እትዬ «ይሄ ጉራ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይሁን።

ሁለቱም ሐሳቦች ከቡና በኋላ ለድምፅ ይቀርባሉ። የተቃወመ ይናገር፣ ኩርፊያ ግን የለም፣ አምና ይበቃናል።

ቡናው እየተቆላ ነው፣ ሽታው መጥቷል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን፣ ጠዋት ለጀማሪዎች ሳሳይ አንድ መርፌ ጠፍቶብኛል፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ አካባቢ። ስትመለሱ ወንበሩን ዳበስ አድርጋችሁ ተቀመጡ።