ወር ብትለኝ ወር እጠብቅህ ነበር
በአቃቂ ቃሊቲ ለአጫጭር የሙያ ሥልጠና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ። እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

«ስለ ስኬት ንገራቸው» ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ የብረት በር፣ መስኮትና ፍርግርግ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ወርክሾፔ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በር ስሠራ የተማርኩትን ነው። ከተማርኩትም ውስጥ አንዱን፣ ቃል መጠበቅን፣ መርጫለሁ፤ እሱን ሳላውቅ ሌላውን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ዛሬ እፊታችሁ አልቆምም ነበር።

የራሴን ሥራ የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ያኔ በዚህ አካባቢ ያልተጀመረ ቤት አልነበረም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቁልፉን ተቀብሎ ፍርግርግ ይፈልጋል፤ ቦታ ያለው ቤት ይሠራል፤ ሱቅ የሚከፍተው የላሜራ በር ያዛል። ሰው ቀብድ ይዞ ደጄ ይቆም ነበር። እኔም የመጣውን ሁሉ እቀበላለሁ። «መቼ ይደርሳል?» ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «የዛሬ ሳምንት»።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አንዲት እናት መጡ። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ትንሽ ቤት እያሠሩ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ከኪራይ ቤት መውጣት ይፈልጋሉ። አንድ በርና ሁለት መስኮት በ11,000 ብር ተዋዋልን። ከመቀነታቸው ፈትተው 6,000 ብር ቀብድ ቆጠሩልኝ። ከእሳቸው በፊት ያልሠራኋቸው ሰባት ሥራዎች ነበሩብኝ። እሱን እያወቅሁ «የዛሬ ሳምንት ይምጡ» አልኳቸው። «ወር ይፈጃል» ብል ወደ ሌላ በያጅ የሚሄዱ መስሎኝ ፈርቼ ነው።

በሳምንቱ መጡ። «እሺ ነገ» አልኳቸው። በነጋው መጡ። መብራት ጠፍቶ ነው አልኳቸው፤ መብራት መጥፋቱ እውነት ነበር፣ በሩን ያላስጀመረኝ ግን እሱ አልነበረም። እንዲህ እያልኩ አምስት ጊዜ ከሳሪስ በታክሲ አመላለስኳቸው። ቀብዳቸው ለሌላ ሰው ሥራ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ተገዝቶበት አልቋል፤ የተረፈውንም ለቤት ኪራዬ ከፍዬበታለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በሩን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ። የኪራይ ቤታቸውን ለቀው ገብተዋል። የበሩ ቦታ በሸራ ተጋርዶ፣ ከሥር ቆርቆሮ ተደግፎበታል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ውኃው በጠርዙ ይንጠባጠባል። አንድ ጆንያ ጤፍ ርሶ፣ እሳቸው መሬት ቁጭ ብለው ጤፉን በሸራ ላይ በእጃቸው ይበትናሉ። የረሰው ጤፍ ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል። እኔ የምለው ጠፋኝ። እሳቸው ግን ተነሥተው እጃቸውን ጠረጉ፤ በሩን እስክገጥም ጠበቁ፤ ከፍተው ዘግተው አዩት። ከዚያ ቀሪውን 5,000 ብር አንድም ሳያጎድሉ ቆጥረው ሰጡኝና «ልጄ፣ ወር ብትለኝ ወር እጠብቅህ ነበር» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢረግሙኝም ይሻለኝ ነበር። ዓመታት አልፈዋል፤ ያንን አነጋገር ግን ዛሬም የሰማሁት ያህል እሰማዋለሁ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አጥቼ አንድ ነገር አሰብኩ። በዚያው ክረምት እሑድ እሑድ እቁብ እጥል ነበር፤ 500 ብር። አንድም እሑድ አላሳለፍኩም። ያጣሁ ዕለት ተበድሬ ጥያለሁ። በእድራችንም እንዲሁ ነኝ፤ ቀብር ከተባለ ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ። ታዲያ ለእቁቡ ቃሌን የምጠብቅ ሰው ለእኚያ እናት እንዴት እንዲህ ሆንኩ? መልሱ የሚያም ነው። እቁቡ ላይ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ የሆነልኝ ጎረቤት አለ፤ ብቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ደንበኛዬ ግን ብቻውን ነው የሚመጣው። እኔም ብቻውን ስለመጣ አቀለልኩት።

ይህንን በደንብ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። ቃል መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። እናቶቻችን ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ጠበቃ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ዋስ ብቻ ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳሉ። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከበላ በኋላም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ይህ ሥነ ሥርዓት በእጃችን ያለ ነው። የጎደለን ከእሑዱ እቁብ አንሥተን ወደ ሰኞው ሥራ ይዘነው መምጣት ነው።

በማግስቱ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርኩበት፤ ስም፣ ሥራ፣ ቀብድ፣ ያልኩት ቀን፣ ያደረስኩበት ቀን። የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ያስተማረችኝ። በመጀመሪያው ወር 14 ሥራ ጻፍኩ፤ ባልኩት ቀን የደረሱት 3 ብቻ ነበሩ። ሳልጽፈው በፊት ግን «አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምዘገየው» ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውና ደብተሩ የሚለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን በእውነት መናገር ጀመርኩ። «ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ወረፋ አለብኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ አራት ሰዎች ጥለውኝ ሄዱ። ከባድ ነበር፤ ልጅ ተወልዶልኝ ወጪው በዝቶብኝ ነበርና። ከአራቱ ሁለቱ በሌላ ቦታ «እሺ ነገ» ሲሰለቻቸው ተመልሰው መጡ። ቀኑ የማይደርስልኝ ከሆነም ደንበኛው ሳይደውል እኔ እደውላለሁ፤ ከሁለት ቀን በፊት። ይህች የስልክ ጥሪ ከብየዳ ትበልጣለች ብዬ ለሠራተኞቼ እነግራለሁ። ሰው መዘግየትን ይችላል፤ ታክሲ ተሳፍሮ መጥቶ ባዶ እጁን መመለስን ግን አይረሳውም።

ስለ ፈጣሪ ስምም አንድ ነገር ልበል። «እግዚአብሔር ካለ» እንላለን፣ «ኢንሻአላህ» እንላለን። ሰው የነገን አያውቅምና ማለታችን መልካም ነው። ነገር ግን ብረቱን ሳንገዛ፣ ልኬቱን ሳንወስድ፣ ነገ እንደማይደርስ ልባችን እያወቀ ስሙን የምንጠራ ከሆነ ያ ጸሎት አይደለም፤ ሰበብ ነው። እኔ አድርጌዋለሁ፤ አሁን እፈራለሁ።

ያው ደብተር ሌላም ነገር አሳየኝ። አንድ ነጠላ በር በ7,500 ብር እሸጥ ነበር፤ የማተርፍም ይመስለኝ ነበር። ወጪውን በየመልኩ ጻፍኩት። ላሜራና ቱቦላሬ 4,900፣ ኤሌክትሮድና የመቁረጫ ዲስክ 450፣ ማጠፊያና ቁልፍ 700፣ ፀረ ዝገትና ቀለም 380፣ ማጓጓዣ 300፣ የረዳት 600። ድምሩ 7,330 ብር። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔ በብየዳው ብርሃን ቀልቶ፣ የቀረልኝ 170 ብር ነው። ቀብድ የምበላው ለካ ክፉ ስለሆንኩ ብቻ አልነበረም፤ ዋጋዬን ስለማላውቅ ሁልጊዜ ስለሚጎድለኝም ነው። ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ቃሉንም መጠበቅ አይችልም። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ያወቅሁት በዚህች ገጽ ነው።

ስለዚህ ለራሴ ደመወዝ ቆረጥኩ፤ ልክ እንደ ተቀጣሪ በወር አንድ ጊዜ የምወስደው። ከዚያ ውጭ ያለው ገንዘብ የሥራው ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። ዘመድ ሠርግ አለው፣ የአክስት ልጅ ታሟል፣ አብሮ አደግ «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎ ይመጣል። እኛ «የለኝም» ለማለት የሚከብደን ሰዎች ነን፤ መልካምነታችንም ከዚሁ ነው። እርዱ፤ ግን ከደመወዛችሁ እርዱ። ከቀብዱ አንሥታችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ የእናንተ ቸርነት አይደለም፤ ሳያውቁት የሰጡት እኚያ ጤፋቸው የረሰባቸው እናት ናቸው። የተጨማሪ እሴት ታክስ መሰብሰብ ደረጃ ስትደርሱም እንዲሁ አስቡት፤ ያ 15 በመቶ በእጃችሁ ያልፋል እንጂ የእናንተ ሆኖ አያውቅም።

ዘመኑ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረት ዋጋ ጠዋት ጠይቄው ማታ ሌላ የሆነበት ቀን ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቃል መጠበቅ ማለት ያልያዛችሁትን አለመናገርም ነው። እኔ በዋጋ ማቅረቢያዬ ግርጌ «ይህ ዋጋ ለ5 ቀን ይጸናል» ብዬ እጽፋለሁ። ቀብድ ስቀበል ብረቱን በዚያው ዕለት እገዛለሁ፤ ሙሉው ባይሞላልኝ ግማሹን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልኬት እንወስዳለን፣ በእጅ መጋዝ እንቆርጣለን፣ ፀረ ዝገት እንቀባለን፣ ለደንበኞች እንደውላለን።

ወላጆች፣ አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን ሰው ማዋረድ አገርን እንደሚያደኸይ ያዩት ያኔ ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬም ግን «ልጅህ ምን ይሠራል?» ሲባል «ለጊዜው ብየዳ ቢጤ ይሞካክራል» ብሎ የሚያሳጥር አባት አለ። ይህችን «ለጊዜው» እፈራታለሁ። ልጁ ሥራውን እስኪያልፍለት የሚጠለልበት አድርጎ ከያዘው፣ የቀጠሮውም ቀን አይገደውም፤ ያልተለሰነችው የብየዳ ስፌትም አትቆረቁረውም። ልጆቻችሁ ሙያ ይዘዋል። ሙሉውን ስም ጥሩላቸው።

ክብሩን ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በዚሁ ከተማ በሌላኛው ዳርቻ፣ በዘነበወርቅ፣ ቤተልሔም ጥላሁን ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በጥቂት ሠራተኞች ጫማ መሥራት ስትጀምር ጎማው የተጣለ የመኪና ጎማ፣ ጨርቁ የሰፈሩ ሰው በእጁ የፈተለውና የሸመነው ነበር። ሁላችንም በረባሶ ስናይ አድገናል። እሷ ግን አላቀለለችውም። ሶልሬብልስ ብላ የሰየመችው ጫማ ባሕር ተሻግሮ ተሸጧል። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ደግሞ «እሺ ነገ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዕቃው በተባለው ቀን ካልደረሰው ሁለተኛ አያዝም።

አንዳንዶቻችሁ መነሻ ገንዘብ የለንም ብላችሁ እንደምትጨነቁ አሠልጣኞቻችሁ ነግረውኛል። ጭንቀታችሁ እውነት ነው፤ በቃላት አላቀልለውም። እኔ የራሴን የብየዳ ማሽን የገዛሁት ከሁለት ዓመት ተቀጥሮ መሥራት በኋላ በእቁብ ነው። ያኔ ዋስ የሆኑልኝ ሽማግሌ በቤተ ዘመድ የሚያውቁኝ አልነበሩም። ለቤታቸው የሠራሁትን የመስኮት ፍርግርግ ባልኩት ቀን ስላደረስኩላቸው ብቻ «ይህንን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ» ብለው እጃቸውን አነሡልኝ። ይህ ከእኚያ እናት በፊት ነው። ቃል መጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ ቀምሼ ነበር፤ ሥራ ሲበዛልኝ ረሳሁት። እናንተም የምትፈተኑት ስታጡ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ ደጃችሁ ሲሰለፍም ነው።

ተመራቂዎቹ 38 እንደሆናችሁ ተነግሮኝ 38 ደብተሮች ይዤ መጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስቱን ዓምዶች ሠራተኞቼ ትናንት ማታ በእጃቸው አስምረውላችኋል። ስትወጡ አንዳንድ ውሰዱ። የልብስ ስፌት የተማራችሁም፣ የምግብ ዝግጅት የተማራችሁም ውሰዱ፤ ዓምዱ ለሁሉም ይሠራል።

ከብረታ ብረት ተመራቂዎች ደግሞ ሁለት ሰው መቅጠር እፈልጋለሁ። ወርክሾፔ የት እንደሆነ አሠልጣኞቻችሁ ያውቃሉ። የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።