ኦሜፕራዞሉን ማን ያቁመው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ የጨጓራ አሲድን ስለሚቀንሰው መድኃኒት፣ ስለ ኦሜፕራዞል ነው። ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ በየካርዱ ላይ ይሄን መድኃኒት ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። በሽተኛው በሳንባ ምች ይግባ በእግር ስብራት፣ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ተጽፎ አገኘዋለሁ።

ለምን ታዘዘ ስል «ለመከላከያ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በጠና የታመመ ሰው ጨጓራው ቆስሎ ሊደማ ይችላል። ግን የትኛው ሰው? በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 2,252 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። መድማቱ የበረታው ከ48 ሰዓት በላይ በመተንፈሻ ማሽን በቆዩትና ደማቸው አልረጋ ባላቸው ላይ ነው። ሁለቱም ችግር ከሌለባቸው 1,405 ሰዎች ውስጥ ክፉኛ የደሙት 2 ብቻ ናቸው። ያውም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ! እንግዲህ ዋርድ ተኝቶ ቁርሱን በደንብ ለሚበላ ሰው ምን ይባላል?

የጨጓራ አሲድ በአፍ የሚገባውን ጀርም ይገድልልናል። አሲዱ ሲቀንስ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ የሚወስድ በሽተኛ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ባክቴሪያ ለሚያመጣው ከባድ ተቅማጥ ይጋለጣል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ማግኒዚየምና ቫይታሚን ቢ12 ሊያጎድል ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መውጫው ላይ ነው። አንዲት እናት በሳንባ ምች ተኝተው፣ ድነው ሊወጡ ነው። ማዘዣው ላይ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ የአንድ ወር።

«እማማ፣ ጨጓራ ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ጨጓራ እንኳ አሞኝ አያውቅም። ሐኪም ካዘዘው ግን እውጠዋለሁ።»

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «ተኝተው ሳሉ የተጀመረ ነው፣ እንዳለ ተገልብጦ ነው፤ ይቅርባቸው» አለኝ። ይቀጥል ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ሰው ራሱ እየገዛ ይቀጥላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ጨጓራ የሌለባቸው ጤነኞች፣ ግማሾቹ ኢሶሜፕራዞል (የኦሜፕራዞል የቅርብ ዘመድ) ለ8 ሳምንት፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ተሰጣቸው። ካቆሙ በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 44 በመቶው ቃርና መሰል ስሜት ያዛቸው፤ ከሌሎቹ 15 በመቶው ብቻ። ታፍኖ የቆየው አሲድ መድኃኒቱ ሲቀር በብዛት ይመነጫል። ሰውየው ግን «ይኸው ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ያልነበረ ሕመም በመድኃኒቱ ሰበብ ገባ ማለት እኮ ነው! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አደራ፣ ይሄን ሰምታችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ፣ አስፒሪንን ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከክሎፒዶግሬል ጋር የሚወስድ፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትር አዛውንት፣ ለእነዚህ መድኃኒቱ ሕይወት አዳኝ ነው። ለወራት የወሰዳችሁም ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ይሁን። ከሆስፒታል ስትወጡ ግን ማዘዣውን ይዛችሁ «ይሄ ለምኔ ነው? እስከ መቼ ነው የምወስደው?» በሉ። እኛም መልስ ልንሰጣችሁ ይገባል።