ግድግዳው ላብ አለው

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የእድሩ ዳኛ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። ጋሼ፣ እሞክራለሁ። ግን እርስዎም ያውቁኛል።

ይህን ቤት የማያውቅ እዚህ የለም። ግማሾቻችሁ እዚህ ሳሎን ውስጥ ከእኔ ጋር ፊደል ቆጥራችኋል። ግማሾቻችሁ አባቴ ያረፈ ጊዜ እዚሁ ግቢ ድንኳን ተክላችኋል። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ተቀጥሮ ነው አቃቂ ላይ ቦታ ያገኘው። ቤቱን ሲሠራ መሐንዲስ አልነበረም። ጎረቤት ነበር፣ ጠላ ነበር፣ ጭቃ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ የእድሩ መሰብሰቢያና የልጆች ማንበቢያ ነው። ስለዚህ ብዙ ምስጋና ይቀርባል፤ ፕሮግራሙ ላይ አይቻለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ግድግዳ ልናገር ነው።

ከ18 ዓመት በፊት ነው። እጄ ላይ ትንሽ ብር ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ቤቱን ሲሚንቶ ያስለስናል። እኛ ብቻ «የጭቃ ቤት ልጆች» ሆነን ቀረን። እናቴን ላስደስት ብዬ ግንበኛ ጠራሁ። የአባቴን ምርጊት በመዶሻ ጠቀጠቀው። ወንፊት ሽቦ መታበት። ሲሚንቶውን ወፍራም አድርጎ ለሰነው። እኔ ደግሞ ላዩን አረንጓዴ የዘይት ቀለም አስቀባሁት። ወለሉስ? ጣውላው ላይ የላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍን። ከመሠረቱ ሥር የነበሩትን የአየር ቀዳዳዎች «አይጥ ይገባባቸዋል» ብለን በሲሚንቶ ደፈንናቸው። ለፋሲካ አልቆ ገባን። ሰው እየመጣ «እሰይ! አሁን ገና ቤት ሆነ!» አለን። ያላችሁት እዚህ አላችሁ።

በመጀመሪያው ክረምት እናቴ «ልጄ፣ ግድግዳው ላብ አለው» አለችኝ። «እማዬ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ክረምት ደገመችልኝ። «መስኮት ክፈቺ» አልኳት። በሦስተኛው ክረምት አልጋዋን ከግድግዳው አራቀች። አንድ ቀን ጠርታኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ ግድግዳው ላይ አሸት አድርጋ፣ ምንም ሳትናገር እጄ ላይ አስቀመጠችው። እርጥብ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ቀለም ደረብኩበት። የታመመ ሰው ኩል መኳል ማለት ይኼ ነው። አስሟ የመጣው ከቤቱ ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማኋትም።

ግድግዳውን የከፈትነው አምና ጥር ላይ ነው። መሮውን አስገብቼ አንድ ጊዜ ብመታ፣ የመሶብ አፍ የሚያክል ሲሚንቶ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። ጥር ላይ! ዝናብ ካቆመ ወራት አልፎት! ቋሚው እንጨት ውስጥ ጣቴን ብከተው እስከ አንጓው ገባ።

አፈራችንን ታውቁታላችሁ። ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ የበሬ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። እርጥበቱ ከታች ወደ ግድግዳው ይወጣል። የጭቃ ግድግዳ ይህን ይችለዋል፤ ክረምት የሳበውን በጋ ላይ መልሶ ይተፋዋል። እንጨቱም አብሮ ሲያብጥና ሲኮማተር ጭቃው እሺ ይለዋል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው ግን መውጫ የለውም። የግድግዳውንም የወለሉንም መተንፈሻ ዘግተን እንጨታችንን አበሰበስነው። ሲሚንቶ አልጠላም። ለብሎኬት ቤት፣ ለኮንክሪት የሚያህለው የለም። ጭቃ ላይ ግን ጠላት ነው።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። ሁላችሁም እማማ የምትሏቸው ናቸው፤ ከኋላ በሩ ጋ ተቀምጠዋል። ለምርጊት ቀይ አፈር በመኪና አስመጣሁ። እማማ ጨበጥ አደረጉት፣ ምራቃቸውን ጣል አድርገው መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት፣ «ይኼ ለምጣድ ነው፣ ለግድግዳ አይሆንም» ብለው መለሱት። ሌላ መጣ። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሁለት ሳምንት ቦካ። ሽታውን አስታውሳለሁ፤ ለእድሩ ስሞታ ያቀረባችሁትንም አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ እንደ ካርታ ተሰነጣጠቀ። እኔ ደነገጥኩ። እማማ ግን «ይሰንጠቅ፤ ተሰንጥቆ ይጨርስ» አሉኝ። ከጨረሰ በኋላ የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና እበት አዋህደው በመዳፋቸው ለሰኑት። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ መስኮቱ ሥር የአምስት ጣታቸው መስመር አለ። አስተካክሉት ያላቸውን ልጅ እኔ ነኝ ያስቆምኩት።

በመጨረሻ ኖራ። የተቃጠለው ድንጋይ በርሜል ውስጥ ውኃ ሲያገኝ ያለ እሳት ይፈላል። ግድግዳ ላይ በስሱ፣ ደጋግመው ይቀቡታል። ከዚያ ከአየሩ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ግን መተንፈሻውን አይዘጋም።

የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ለሲሚንቶ ግንበኛው የጠየቀኝን ከፍያለሁ። አንድ ብር አልተከራከርኩም። ለእማማ ግን ግማሹን ነው ያቀረብኩት። «ጭቃ ነው እኮ» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። አራት ቀን ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌ ላክሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩ። ጭቃ ለማስለሰን ሽማግሌ የላከ ሰው በዚህ ሰፈር እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

አትሳቁ! እናንተስ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ቤት ስታሠሩ ጭቃ ላቦኩት ሴቶች የቀን ሒሳባቸውን ቆርሳችሁ የሰጣችሁ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ዛሬ ማታ ገብታችሁ አልጋችሁን ከግድግዳው የምታርቁ? «ጭቃ ቤት» ብለን እንሳደባለን። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ቤተ መንግሥታቸው በጭቃ የተለሰነ ነበር። እዚያው እንጦጦ ላይ አለ፤ ሂዱና ግድግዳውን ዳስሱት። ንጉሠ ነገሥት ያልናቀውን እኛ ከመቼ ወዲህ ነው የናቅነው? እማማ ይህን የሚያሠለጥኑት ልጅ የላቸውም። ለምን ይኖራቸዋል? በግማሽ ዋጋ ማን ይማራል?

እሺ፣ ጋሼ፣ ሰዓቱን አይቻለሁ።

ወለሉ ቀላል ነበር። ምንጣፉን አንስተን፣ የበሰበሱትን ጣውላዎች ቀየርን፣ ደህናዎቹን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀን ሰም ቀባናቸው። የአየር ቀዳዳዎቹን ከፈትን። አይጡን ወንፊት ሽቦ ይከለክለዋል፤ ያኔም ይከለክለው ነበር። የጓዳው ወለል ልቅለቃ ነው፣ እንደ ድሮው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። የመብራቱ ነገር ገና ነው።

እማማ፣ ወደ ፊት ይምጡ። እንቢ አይበሉ። ወንበር ስጧቸው።

ቡናው ደርሷል፣ ዳቦውም ይቆረሳል። ጥቁር ኮት የለበሳችሁ ግን ግድግዳውን አትደገፉ፤ ኖራው ገና ይለቃል።