አውቶብሱ እስኪደርስ (የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር፣ የባህር ዳርቻዋ ከተማ ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ)

እንደምን አመሻችሁ! ኧረ ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር ሞልቷል። ሁለተኛው አውቶብስ ቤይ ብሪጅ ላይ ትራፊክ ይዞት ዘግይቷል፣ አሁን እየተቃረብን ነው እያሉ እየደወሉልኝ ነው። በሰመር አርብ ማታ እዛ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝም ድልድይ ላይ መገተር መቼም የለመድነው ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ 3 ሰዓት የሚባለው መንገድ ለኛ ሁሌ 5 ይሆናል። ሽሮውም ምስሩም እነሱ ጋ ስለሆነ እስኪደርሱ እኔን ትሰሙኛላችሁ፣ ምርጫ የላችሁም።

አምና የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ቅዳሜን ሙሉ ንግግር በንግግር አድርገነው ዋልን፣ እኔ ራሴ ስለ ማንነት 40 ደቂቃ አውርቼ ከወረቀቴ ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እናቶቻችንና እንቅልፍ የወሰደው አንድ ልጅ ናቸው፣ ወጣቶቹ የሉም። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ልሰበስባቸው ወጣሁ። ቦርድዎኩን፣ ባህሩ ዳር ያለውን የእንጨት መሄጃ፣ አልፌ ሳያቸው አሸዋው ላይ ክብ ሰርተው ተቀምጠዋል፣ መሀላቸው ኮምጣጤ የተረጨበት የድንች ጥብስ ቀዝቅዟል፣ ማንም አልነካውም። አንዷ ታለቅሳለች፣ ጓደኛዋ ጀርባዋን ትደባብሳታለች። የሚያወሩት ምን እንደነበር አልናገርም፣ ለኔ የተባለ አልነበረም። እኔን ሲያዩ ግን ጭጭ አሉ። «ጋሼ እንመጣለን» አሉኝ። ከሁሉም ያቺ «ጋሼ እንመጣለን» ናት ያመመችኝ። ጉባኤው እዛ ነበር፣ እኔ ደግሞ ልበትነው ነው የሄድኩት።

ስለዚህ ነገ አዳራሹ ለጠዋት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ውጪ ነን፣ ተናጋሪም ማይክም የለም። ወላጆች፣ አደራችሁን፣ ወንበራችሁን ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ፣ «ምን እያላችሁ ነው» ብሎ መጠጋት የለም።

ስለ ባህሩ ደግሞ አንድ ነገር። እኔ ባህር ዳር ተወልጄ ባህር ሳላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ጣናን ነበር ባህር የምንለው፣ የባህር ውሃ ጨው መሆኑን በአፌ ያወቅኩት 34 ዓመት ሞልቶኝ እዚሁ ነው። ጣና ላይ ዋና ችያለሁ ብዬ ገብቼ ላይፍጋርዱ፣ ዋናተኞችን የሚጠብቀው፣ ፊሽካ እየነፋ አስወጣኝ፣ ልጆቼ ፊት። አትላንቲክ ሪፕ ከረንት የሚባል ነገር አለው፣ ውሃው እየጎተተ ከዳር አርቆ ወደ ባህሩ መሀል ይወስዳችኋል። ከያዛችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር ለመዋኘት አትታገሉ፣ ያደክማችኋል፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ፣ ሲለቃችሁ ነው መውጣት። ላይፍጋርድ ሳይኖር፣ በተለይ ማታ፣ ማንም እንዳይገባ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቡና ደግሞ ተቆልቶ መጥቷል፣ ክፍል ውስጥ የሚቆላ የለም። አምና የጭስ አላርሙ ጮሆ ሆቴሉ ሙሉ በፒጃማ ፓርኪንግ ላይ የቆመው በኛ ረከቦት ነው፣ እትዬ እንዳይቀየሙኝ ስም አልጠራም፣ እየሳቁ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

እሁድ ስንመለስ ሩት 50 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሳክራሜንቶ (ካሊፎርኒያ ያለችው) 3073 ማይል የሚል ታፔላ አለ፣ አምና አንድ ህፃን «ጎንደርስ?» ብሎኝ መልስ አጥቻለሁ፣ ዘንድሮ የምታውቁ ንገሩት።

ምንድነው ጭብጨባው፣ ለኔ ነው? አውቶብሱ ነው? በሉ ወንዶች ልጆች፣ ኩለሩ ከባድ ነው፣ አራት ሆናችሁ ውጡና አውርዱ።